ሽታው ሲጠፋ

በጋን ሰፈር ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ «ደህና አደርክ?» ይባባላል፤ ቀጥሎ «አፍንጫህስ?» ይጠያየቃል። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ከዚህ ሌላ መልስ የሰጠ ሰው እስካሁን አልተሰማም፤ ቢኖርም አሁን ሰፈሩ ውስጥ የለም።

ሰፈሩ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ፣ ከእሾህ በቀር ምንም በማይበቅልበት ቆላ ላይ ነው። ነዳጅ በቦቴ ተጭኖ ከወደብ ይመጣ በነበረበት ዘመን እዚህ ትልቅ ማከማቻ ነበር። ከመሬት በታች የተቀበሩትን የብረት ማጠራቀሚያዎች ሠራተኛው ጋን ይላቸዋል። ጋኖቹ ለብዙ ዘመን ሲያንጠባጥቡ ኖረው አንድ ወረዳ የሚያህል አሸዋ ናፍጣ ጠጣ። በጊዜው ነገሩ ጥፋት ተባለ። ፍየል አለቀ፣ ሽማግሌዎች አቤት አሉ፣ አጥር ታጠረ፣ ተረሳ። መርከቦቹ መምጣት ከተዉ ወዲህ ግን ያ ጥፋት ሀብት ሆኗል። አሸዋው ይታጠባል፣ የጋኖቹ ዝቃጭ ይፋቃል፣ የተገኘው በበርሜል ተሞልቶ ወደ ደጋ ይጫናል። ማን እንደሚነዳበት በጋን ሰፈር የሚጠይቅ የለም። አባቶች «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይሉ ነበር፤ ስለ ውሃ እውነታቸውን ነው።

አስካለና ባሏ ይርዳው የሚሠሩት ጋን ከሚፍቁት ቡድኖች በአንዱ ነበር። ድሮ ጋን ውስጥ ከመገባቱ በፊት አየሩን የሚለካ ሳጥን ነበር፤ የሳጥኑ መለዋወጫም የሚመጣው በመርከብ ነበር። ስለዚህ አሁን የሚለካው በሰው ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው ይመርጥና «አፍንጫ» ይለዋል። ክዳኑ ሲነሳ አፍንጫው ጎንበስ ብሎ ያሸታል። «ይሸታል» ካለ ጋኑ ተከፍቶ ይሰነብታል። «ንፁህ ነው» ካለ ራሱ ቀድሞ በመሰላል ይወርዳል፣ ሌላው ይከተለዋል። አዲስ ሠራተኛ አካፋ ከመረከቡ በፊት አንድ ነገር በቃሉ እንዲይዝ ይደረጋል፤ «ሲሸት ራቅ፤ ሽታው ሲጠፋ ሩጥ»። የጋን ትንፋሽ ቀለል ሲል የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲከብድ ግን መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን ነው፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ይከተላል።

የዚህ ቡድን አፍንጫ ይርዳው ነበር። አስካለ በዚህ ትኮራ ነበር። ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ «የአፍንጫው ሚስት» ብለው ቦታ ይለቁላታል፤ እሷም እንዳልሰማች ሆና ታልፋለች፣ ግን ሰምታለች።

በየማለዳው በማከማቻው በር ላይ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ናርዶስ ትቀመጣለች። ፊቷ ክዳኑ የተበሳሳ ጣሳ አለ። ተራው የደረሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ያሸትና የሸተተውን በጆሮዋ ይነግራታል። አንድ ቀን ጤና አዳም ነው፣ አንድ ቀን ሎሚ፣ አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት። ያወቀ ይገባል። ያላወቀ ነፋስ ቤት ይላካል። ነፋስ ቤት ደጋ ላይ ያለ ማገገሚያ ነው፤ ንፁህ አየር ሲተነፍሱ አፍንጫ ይመለሳል ይባላል። የሄዱት ሰዎች አፍንጫ ይመለስ አይመለስ አይታወቅም፤ እነሱ ግን አልተመለሱም። ቤታቸውና የውሃ ካርዳቸው በሳምንቱ ለሌላ ይሰጣል። በዚህ ቆላ ደግሞ ያለ ውሃ ካርድ ሰው ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ቡድኑ ለዚህም ዘዴ አበጅቷል። ሁልጊዜ ሰልፉን የምትመራው ሐዋ ነች፤ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ፣ ያላትን ለጎረቤት የምታካፍል ሴት ናት። አሽትታ ስትመለስ ጭንቅላቷን ካከከች ጤና አዳም ነው፣ ጆሮዋን ከነካች ሎሚ፣ አገጯን ከያዘች ነጭ ሽንኩርት። ዘዴው የተጀመረው ጉንፋን ለያዘው ሰው ታስቦ ነው። ከጊዜ በኋላ በጋን ሰፈር ጉንፋን በዛ፣ ማንም ግን ማንን ስለ ጉንፋኑ አይጠይቅም።

የአስካለ አፍንጫ የጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። አንድ ከሰዓት ሽንኩርት ስትከትፍ እንባዋ ይወርዳል፣ ሽታው ግን የለም። ቢላዋውን አስቀምጣ ሽንኩርቱን አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። ምንም። ያን ቀን ያለቀሰችው በሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከኪሷ የጤና አዳም ቅርንጫፍ አይጠፋም፤ ሰው በማያያት ጊዜ እያሸች ታሸታለች፣ ድንገት ይመለስ ይሆናል ብላ። ወጥ የምትሠራው በልማድ ነው። ወተት ስትጠራጠር ኩባያውን ለይርዳው ትሰጠዋለች፤ «እስኪ ይቺን እያት» ትለዋለች። እሱም ጠጋ አድርጎ «ጥሩ ናት» ይላታል። ለአንድ ቤት አንድ አፍንጫ ይበቃል ብላ ነበር የምትጽናናው።

የይርዳው ታናሽ እህት ማስተዋል ከጋይንት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ሥራ ፍለጋ ነው የመጣችው። አስካለ ልትመልሳት ሞክራ ነበር።

«እዚህ ምን ይደረጋል ብለሽ ነው የመጣሽ፣ እህቴ? አገርሽ ላይ ብትቀመጪ ምናለ?»

«ምን ላይ ልቀመጥ፣ እትዬ?» አለች ማስተዋል። «በሬዎቹን ሸጠን ትራክተር ገዛን። አሁን ትራክተሩ ላይ ዶሮ ይሰፍራል። በሬ እንግዛ ብንል ደግሞ የሚያርስ በሬ ያለው ሰው ጠፋ።»

አስካለ ወደ ጓዳ ገባች። ለእንግዳ ብላ ከገበያ የፍየል ሥጋ ገዝታ ነበር፤ እሱን ሠርታ ማታ ሦስቱም ከገበታ ተቀመጡ። ማስተዋል እጇን ታጥባ ቀረብ አለች፣ እንጀራውን ቆረሰች፣ ወጡን ነካ አድርጋ እጇን መለሰች። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ።

«ብዪ እንጂ» አላት ይርዳው። «ሙቀቱ ነው አይደል? ትለምጂዋለሽ።»

ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋላት። የታላቅ ወንድም ጉርሻ አይመለስም። ማስተዋል አፏን ከፍታ ተቀበለች፣ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና ደገማት። ሁለተኛውን ስትውጥ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። «መጣሁ» ብላ ተነስታ ወጣች።

አስካለ ተከትላ ስትወጣ ማስተዋል ከአጥሩ ስር ተንበርክካ ታስመልሳለች። ግንባሯን ደገፈቻት።

«የመንገድ ድካም ነው» አለች ማስተዋል አፏን እየጠረገች።

«የመንገድ ድካም ከመጣሽ ጀምሮ የት ነበር? ንገሪኝ።»

«አትቀየሚኝም?»

«አልቀየምም።»

«ሥጋው ሸቷል፣ እትዬ። ክፉኛ ነው የሸተተው። ገና ከጓሮ ስገባ ነው የሸተተኝ። ቤታችሁም…» አለችና ተወችው። «ለካ ሰው ይለምደዋል።»

አስካለ በበሩ ወደ ውስጥ አየች። ይርዳው ትሪውን ወደ ራሱ ስቦ የቀረውን ወጥ በእንጀራ እየጠረገ ይበላል። ቀና ሲል ዓይኗን አገኘው። «እጅሽ ይባረክ» አላት። «እንዲህ ያለ ሥጋ ከበላሁ ቆየሁ።»

ያኔ ገባት። ወተቱም ገባት። «ጥሩ ናት» ያላት ወተት ሁሉ፣ «ንፁህ ነው» ብሎ የወረደበት ጋን ሁሉ ባንዴ ትዝ አላት። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

ሲተኙ ልትጠይቀው ፈለገች። «ይርዳው፣ አፍንጫህ ደህና ነው?» ብትለው «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚላት ታውቃለች። ሥጋው ሸቶ ነበር ብትለው ደግሞ «አንቺስ ለምን ሠራሽው?» ይላታል። እሱን መክሰስ ራሷን መክሰስ ነው። ከሁለት አንዳቸው ለሲስተር ናርዶስ ቢናገሩ ቤቱ ይሄዳል፣ ውሃው ይሄዳል፣ ነፋስ ቤት ይመጣል። ዝም ካሉ ደግሞ ነገ አለ።

«ነገ ሰባተኛውን ጋን ነው የምንከፍተው» አለ ይርዳው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «ከተቀበረ ጀምሮ ያልተነካ ነው አሉ።»

አስካለ ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ባሏ እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሹን ስትሰማ አደረች።

ጠዋት በሩ ላይ ሐዋ አሽትታ ስትመለስ ጭንቅላቷን አከከች። ሁሉም ተራ በተራ ጎንበስ እያለ በሲስተር ናርዶስ ጆሮ ሹክ አለ፤ ሁሉም አወቀ። ይርዳውም አወቀ። አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን አተኩራ አየችው፤ ጣሳው ላይ ከመጎንበሱ በፊት ዓይኑ ወደ ሐዋ ሄዶ ነበር።

መጨረሻ ላይ ማስተዋል ቀረበች። በጆሮ መናገር እንዳለባት የነገራት ስለሌለ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ጤና አዳም ነው። ግን የዛሬ አይደለም፣ ጠውልጓል። ጣሳው ውስጥ ቀድሞ ነጭ ሽንኩርት ነበረበት።» ትንሽ አሰበችና «እርስዎ ደግሞ ሎሚ ነክተዋል» አለቻት።

ሲስተር ናርዶስ ቀና ብላ አየቻት። ከሰልፉ ሳቅ ተሰማ፤ ግን ሰው ደስ ሲለው የሚስቀው ሳቅ አልነበረም። እስከ ዛሬ በዚያ በር እንዲህ ብሎ የመለሰ አልነበረም።

«እንዲህ ያለ አፍንጫ ካየሁ ስንት ጊዜዬ» አለች ሲስተር ናርዶስ። «ግቢ። ወንድምሽ ሥራውን ያሳይሽ።»

ወደ ጋኑ ሲሄዱ ሐዋ የማስተዋልን ክንድ ይዛ ምልክቶቹን አስተማረቻት፤ ጭንቅላት፣ ጆሮ፣ አገጭ። «ዛሬ አያስፈልግሽም፣ የኔ እናት» አለቻት። «ጉንፋን የያዘሽ ቀን ግን እኔን እዪኝ።» ማስተዋል ሳቀች። ጨዋታ መስሏታል። አካፋ ገና ስላልተረከበች ያንን አዲስ ሠራተኛ የሚይዘውን ቃል ያስያዛት አልነበረም።

ሰባተኛው ጋን ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ጉድባ ውስጥ ነበር። ከቡድኑ በዕድሜ የሚበልጠው ጋሽ ቡልቻ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» እያለ ክዳኑ ስር ድንጋይ አስደገፈ፣ ወንዶቹ በብረት አንስተው ገለበጡት። ጉድባው ውስጥ ነፋስ አልነበረም። ሁሉም ይርዳውን ጠበቀ። ይርዳው ጎንበስ አለ። አስካለ ፊቱን ታያለች፤ ማንበብ የማይችል ሰው በሌሎች ፊት መጽሐፍ ሲገልጥ እንደሚሆነው ነበር የሆነው። አፍንጫውን ነፋ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ንፁህ ነው» አለ።

ይርዳው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ እግሩን መሰላሉ ላይ አኖረ። አንድ እርከን ወረደ። ሌላ ወረደ። ደረቱ ከጋኑ አፍ በታች ሆነ። ሰው እንዲህ በቀላሉ ከእጅ ይሄዳል ብላ አስካለ አስባ አታውቅም። ባሌ አያሸትም ብላ መጮህ ትችል ነበር፤ ይህ ማለት ግን ነገ ሁለቱም ወደ ነፋስ ቤት በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር አለች።

«ይሸታል!»

ይርዳው ቀና ብሎ አያት።

«ይሸታል» አለች ደግማ። ምንም አልሸተታትም። ጨርሶ። «የተበላሸ ነገር ይሸታል። ውጣ፣ ይርዳው።»

አንድ ሰው እስኪቃወማት ጠበቀች። ይቃወሙኛል ብላ እርግጠኛ ነበረች። እዚህ ሁሉ አፍንጫ ያለው ሰው ቆሞ ውሸቷ ያልፋል ብላ አላሰበችም። ግን ሐዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አዎ፣ ይሸታል» አለች ሐዋ።

«እኔም ሸቶኛል» አለ ጋሽ ቡልቻ። ክዳኑን ያነሱት ወንዶችም «ይሸታል፣ ይሸታል» ተባባሉ። ይርዳው እየተጣደፈ ወጣ፣ ገመዱን ፈታ። «ቅድም ነፋስ ወስዶት ነው» አለ። «አሁን እኔንም ሸተተኝ።»

ማስተዋል ብቻ ነበረች ያልተናገረችው። አሁን ቀለል ያላት መሰለች።

«ለካ እናንተንም ሸቷችኋል» አለች። «ክዳኑ ሲነሳ እኮ እንቁላል እንቁላል አለኝ። ክፉኛ። ጋሼ ይርዳው ንፁህ ነው ሲል ግን እሱ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ፤ ገና ዛሬ ሥራ የጀመርኩ ልጅ በሰው ፊት እንዴት ታላቄን አይደለም እላለሁ?» ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። «አሁን ግን ተወኝ። ጠፋ።»

«ምን አልሽ?» አለ ጋሽ ቡልቻ።

«ሽታው ጠፋ።»

የቡድኑ ሰው ሁሉ ያንን ቃል በቃሉ ይዞታል። ግን በቃል የያዙት ነገር እግር ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ የሮጠው ማን እንደሆነ በኋላ አልተስማሙም። አስካለ የማስተዋልን እጅ ይዛ ከጉድባው ጎትታ አወጣቻት፤ ይርዳው ከኋላ ይገፋቸዋል፤ አካፋውም ገመዱም እዚያው ቀረ። ከነፋሱ በኩል ያለው የአሸዋ ጉብታ ላይ እስኪደርሱ ማንም አልቆመም። ይርዳው ሁለት ጊዜ ወደቀ። «ራሴን አዞረኝ» አለ፣ ተቀመጠ፣ ጉልበቱን አቅፎ ቀረ።

ሲያልከልኩ ቆዩ። ፀሐዩ ወጥቶ ነበር። ጋኑ ከሩቅ ሲታይ መሬት ላይ ያለ ጥቁር ቀዳዳ ነው፣ ሌላ ምንም አይታይበትም።

«ለመሆኑ» አለ ጋሽ ቡልቻ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ቅድም ይሸታል ስትሉ ምን ምን አላችሁ?»

«የተቃጠለ ጎማ» አለች ሐዋ ፈጠን ብላ።

«ነጭ ሽንኩርት» አለ ከወንዶቹ አንዱ።

«ናፍጣ ነው እንጂ» አለ ይርዳው።

ጋሽ ቡልቻ እያንዳንዳቸውን አየ። ከዚያ ዓይኑን ጫማው ላይ ጣለ።

«እኔ» አለ፣ «እናንተ ስትሉ ነው ያልኩት።»

«እኔ ምንም አልሸተተኝም» አለች አስካለ። «ፈጥሬ ነው የተናገርኩት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ምንም ሸቶኝ አያውቅም።» ይህን የተናገረችው ይርዳውን እያየች ነበር። እሱ አላያትም። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን ጀርባው ላይ አኖረች።

«ታዲያ ጣሳው?» አለ አንደኛው። «ሐዋ፣ ጣሳውን እኮ ሁልጊዜ ታውቂዋለሽ።»

ሐዋ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «የእህቴ ልጅ ናት ክሊኒኩን የምታጸዳው» አለች። «ምን እንዳስገቡ አይታ ትነግረኛለች። የማይሸተኝ እኔን ብቻ መስሎኝ ነው። ለእናንተ ምልክት የምሰጠው ለጉንፋን ነበር።»

ስንት ጋን ውስጥ ወርደው እንደወጡ ሁሉም ያስባል፣ ግን የሚቆጥር የለም። እያንዳንዱ ከፊቱ ያለው ያሸታል ብሎ ነው የወረደው። ፊት የነበረው ደግሞ ይርዳው ነበር፤ እሱም ከኋላው ካሉት አንዱ ቢሸተው ይናገራል ብሎ ነበር የሚወርደው። ሽታው ሲጠፋ ሩጥ ይላል ቃሉ። ከእነሱ ሽታው ከጠፋ ቆየ፤ የሮጠ ግን አልነበረም።

ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ ወደ ማስተዋል ዞሩ። አስካለ ያንን አስተያየት አየች፣ አልወደደችውም። በበረሃ የጉድጓድ ውሃ ያገኘ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው።

«እሷ ነገ አገሯ ትመለሳለች» አለች አስካለ።

«እርግጥ ነው» አለ ጋሽ ቡልቻ። ግን ዓይኑን አላነሳም።

ማስተዋል አፍንጫዋን በመዳፏ እያሸች ነበር። ፊቷ ነጭ ሆኗል። አስካለ ተነስታ ከማስተዋል ዞር ብላ ከኪሷ የጤና አዳሙን ቅርንጫፍ አወጣች፣ በመዳፏ ውስጥ ጨፍልቃ አሸችው፣ ጭብጧን ወደ ልጅቷ ዘረጋች። እግዚአብሔርን አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ጋኑ ቅድም የወሰደውን ይመልስ።

«እስኪ አሽቺ፣ እህቴ። ምን ይሸታል?»

ማስተዋል ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቆየች። ደግማ በረጅሙ ሳበች። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሁሉም ትንፋሹን ይዟል። ልጅቷ ቀና አለች። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ዓይኗ ፊታቸው ላይ ተንከራትቶ ሐዋ ላይ ቆመ።

ሐዋ ቅርንጫፉ ከኪስ ሲወጣ አይታዋለች። ሐዋ ደግ ሴት ናት። ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ አነሳችና ጭንቅላቷን አከከች።